በሰው ስም የሰጠሁት ይቅርታ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ገና ሱቄን ከፍቼ ዳቦ እየደረደርኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የደወሉት ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ ነበሩ። የአስቴር እናት አገር ቤት ማረፋቸውን ነገሩኝ። ነገ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሯ ላይ ተሰብስበን መርዶውን እንደምናረዳት፣ እኔም ቀድመው ከሚገቡት አንዱ እንደሆንኩ አስታወቁኝ። አስቴር እዚሁ ጆሃንስበርግ፣ ኮዝሞ ሲቲ፣ ከሱቄ ሁለት መንገድ አልፋ ልብስ የምትሸጥ፣ ሳታየኝ የማታልፍ ሴት ናት። “እስከዚያ አፍህን ጠብቅ” አሉኝ። “ዛሬ ብትመጣብህም ፊትህ እንዳያሳብቅ።”

ዕድሜዬ ለሽምግልና ደርሶ አይደለም። በዚህ አገር ሰው ቶሎ ይሸመግላል። ቀድመውን የመጡት አንዳንዶቹ ሄደዋል፣ አንዳንዶቹ ሞተዋል፤ የቀረነውን ጢማችን ላይ ሁለት ነጭ ፀጉር ሲያዩብን ወደ ፊተኛው ወንበር ይስቡናል። “እሺ” ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ወደ ዳቦዬ ተመለስኩ። መርዶ በተባለ ቁጥር የማስበው አንድ ሰው አለ። በረከት ይባላል። ሞቶ አይደለም፤ በሕይወት አለ፣ ልጆችም ወልዷል ይሉኛል። እኔን ግን ካናገረኝ ስንት ዓመቱ።

በረከትን ያጣሁት ኮሮና በገባበት ዓመት ክረምት ነው። ክረምት ስል የአገራችንን ክረምት እንዳታስቡ። የጆሃንስበርግ ክረምት ዝናብ የሚባል አያውቅም። ሣሩ ደርቆ ገለባ ይሆናል፣ ጠዋት ጠዋት ባልዲ ውስጥ ያደረ ውኃ ከላይ በረዶ ይሠራል፣ ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ከሰል ስለሚያነድ ጭሱ ከመሬት ሳይነሳ ያድራል። በደህናው ዓመት እንኳ ሐምሌ ላይ የማይስል ሰው አልነበረም። ስለዚህ በረከት ማሳል ሲጀምር ማናችንም ከቁብ አልቆጠርነውም።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ እሱ በአንድ ዓመት ያንሰኛል። ሁለታችንም ከሆሳዕና አካባቢ የመጣን ነን። ቴምቢሳ ውስጥ የጋሽ ዮሐንስን ስፓዛ ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር እንሠራ ነበር። ስፓዛ ማለት ሎኬሽን በምንለው የድሆች ሰፈር መሃል፣ ከሰው ግቢ ተከራይተን የምንከፍታት፣ ከዳቦ እስከ ሻማ የሚሸጥባት ሱቅ ናት። ከፊት የብረት ፍርግርግ አለ፣ ከፍርግርጉ ኋላ እኛ አለን። ደንበኛው ስማችንን አይጠይቅም፤ ለእሱ ሁላችንም “ማይ ፍሬንድ” ነን። ጋሽ ዮሐንስ የሱቁ ባለቤት ብቻ ሳይሆኑ የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነበሩ፤ ቃላቸው ሁለት ጊዜ ከባድ ነው።

መንግሥት በመኪና በድምፅ ማጉያ እያስዞረ “ሁለት ሜትር ተራራቁ፣ መስኮት ክፈቱ፣ እጃችሁን ቶሎ ቶሎ ታጠቡ” ያስብል ነበር። ምክሩ ጥሩ ነው። ከሱቁ ኋላ የምንተኛባት ክፍል ግን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አራት እርምጃ ናት። አራት ፍራሽ ሲዘረጋ ወለሉ አይታይም። መስኮቷን ዘራፊ ፈርተን በበቆሎ ዱቄት ከረጢት ከዘጋናት ዓመት አልፎናል። ቧንቧው አንድ ነው፤ ጎጎ የምንላት የግቢው ባለቤት አሮጊት፣ በጓሮ የቆርቆሮ ክፍሎች የተከራዩ ስድስት ቤተሰቦችና እኛ ተሰልፈን እንቀዳበታለን። ሽንት ቤቱም እንዲሁ ነው። የተባለው ሁለት ሜትር በትክክል ተጠብቆ ያየሁት በኋላ መቃብር ላይ ብቻ ነው።

በረከት ታላቅ ወንድም ነበረው፣ ጴጥሮስ። ዳቬይተን በሚባል ሌላ ሎኬሽን የራሱ ሱቅ ነበረው። አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞተ በረከትን ያሳደገው፣ ያስተማረው፣ እዚህም ያመጣው እሱ ነው። በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጠዋል። በረከት “ጋሼ” ይለዋል፤ ጴጥሮስ ደግሞ ሲያቆላምጠው “ትንሹ” ነበር የሚለው፣ ትንሹ ቁመቱ ከእሱ የሚረዝም ሆኖ ሳለ። የተጣሉት በሚስት ነው። ጴጥሮስ አገር ቤት ሽማግሌ ልኮ ልጅ አጭቶለት፣ የሠርጉ ቀን ተቆርጦ፣ በረከት አልፈልግም አለ። የልጅቷ ቤተሰብ ተዋረደ፣ ጴጥሮስም ከዚያ የባሰ ተዋረደ። “ከእንግዲህ አላውቅህም” ብሎ ከቤቱ አስወጣው። በረከት ከእኛ ጋር መኖር የጀመረው እንዲያ ነው። ቀን ቀን ይስቃል፣ ከደንበኛ ጋር ያሾፋል፣ ዙሉኛውንም ከሁላችን ቀድሞ ያዘ። በየእሑዱ ግን ወደ ዳቬይተን ይደውላል፤ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም።

ሳሉ ትኩሳት ሆነ። በሦስተኛው ቀን ትንፋሽ አጠረው። አብረውን የሚኖሩት ሁለቱ ልጆች የዚያኑ ዕለት ፍራሻቸውን ጠቅልለው ወደ ዘመድ ሄዱ፤ አልፈረድኩባቸውም፣ መሄጃ ቢኖረኝ እኔም እሄድ ነበር። ጤና ጣቢያ እንውሰደው ስል ጋሽ ዮሐንስ አይሆንም አሉ። የበረከት የመኖሪያ ወረቀት ጊዜው አልፏል፣ ሆስፒታል የገባም አይወጣም ይባላል፣ በሽታ ተገኘበት የተባለ ሱቅም ይታሸጋል። እኔም አልተከራከርኩም። ነጭ ሽንኩርት በዝንጅብል አፈላሁ፣ ብርድ ልብስ አከናንቤ በእንፋሎት አጠንኩት። ጎጎም አንድ ጠዋት ምንም ሳትጠይቀኝ አንድ እቅፍ ኡምሎንያኔ በፍርግርጉ ሥር አስቀምጣልኝ ሄደች። መራራ ቅጠል ነው፤ ሽታው ከእኛው ጭቁኝ አይለይም።

በማግስቱ ቤት ለቤት እየዞሩ ትኩሳት የሚለኩ ሁለት የጤና ሠራተኞች ግቢው ገቡ። በረከትን አንስቼ ከዱቄት ከረጢቶቹ ኋላ አስተኛሁትና ሦስት ከረጢት ከፊቱ ደረደርኩ። አንደኛዋ እንደ እናቴ ያለች ወፍራም ሴትዮ ነበረች። ግንባሬን ለካች፣ ስንት ሰው እዚህ እንደሚተኛ ጠየቀችኝ፣ እኔ ብቻ ነኝ አልኳት። የተዘረጉትን ሁለት ፍራሾች አየች። የእንፋሎቱን ድስት አየች። ቀና ብላ የተዘጋውን መስኮት አየችና ተከፍቶ ይደር አለችኝ። ከዚያ በር ላይ ቆማ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። አሁን ሳስበው እንድናገር እየጠበቀችኝ ነበር። አልተናገርኩም፤ ሄደች። ከረጢቶቹን ሳነሳ በረከትን ሳሉን ለማፈን ብርድ ልብሱን ነክሶ፣ ዓይኑ ደም ለብሶ አገኘሁት። በዚያ ሳምንት ሊረዳን የሚችል አንድ ሰው በራችን ላይ ቆሞ ነበር፤ እኔ ነኝ የመለስኩት።

ያን ሰሞን ጋሽ ዮሐንስ ወደ ጴጥሮስ ደውለው ነበር። ወንድምህ በጠና ታሟል፣ ክፉና ደግ አይታወቅምና ይቅር በለው አሉት። ጴጥሮስም በወቅቱ እያሳለ ነበር። የስልኩ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ስለነበር መልሱን እኔም ሰምቻለሁ። “ስሙን አታንሱብኝ” አለ፣ ዘጋው። በሁለተኛው ቀን እሱ ራሱ ተዝለፍልፎ ወደቀና ጎረቤቶቹ ሆስፒታል አስገቡት። አራት ቀን አልቆየም።

ጋሽ ዮሐንስ የመጡት በቀትር ነው፤ ፍርግርጉ ጋ ጠርተው በሹክሹክታ ነገሩኝ። ከዚያ ትእዛዛቸው ተከተለ። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፤ ትንፋሹ የቀጠነ ልጅ ይህን ቢሰማ ያልቃል። ሲድንም ቢሆን ሰው በሌለበት አይረዳም፤ ወግ አለ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ ተይዞ ነው። መሰብሰብ ደግሞ ተከልክሏል። ስለዚህ እስኪፈቀድ ዝም። ስልኩንም ውሰድበት አሉኝ፣ ከአገር ቤት እንዳይደውሉለት። ወሰድኩበት፤ ውኃ ገባበት አልኩት።

ቀብሩ ላይ ስድስት ነበርን። ሣጥኑ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ መጣ፤ ያወረዱት ከራስ እስከ እግራቸው ነጭ የለበሱ ሰዎች ናቸው። እኛ ራቅ ብለን ቆምን። ጋሽ ዮሐንስ ጸሎት ጀምረው ሳይጨርሱ ከኋላችን የሚቀጥለው ሣጥን ደረሰና በቃችሁ ተባልን። ዘፈን የለ፣ ልቅሶ የለ፤ ሁላችንም አፋችን ታስሯል። ወደ ቴምቢሳ ተመልሼ እጄን በቧንቧው ታጠብኩ፣ ገባሁ፣ ሾርባ አፈላሁ። በረከት ፍራሹ ላይ ሆኖ ጫማዬን ያያል። ቀይ አፈር ይዟል።

የት ሄደህ ነበር አለኝ፤ ዕቃ ላመጣ አልኩት። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ በየሁለት ቃሉ ያርፋል። ያን ቀን የሚሞት መስሎኝ ነበር። እሱም መስሎታል መሰለኝ እጄን ያዘና፣ “ለጋሼ ደውልለት” አለኝ። “ይቅር በለኝ ብሏል በለው። ላንተ ያነሳልሃል።”

ስልኬን ይዤ ወጣሁ። ቧንቧው አጠገብ ቆምኩ። ጎጎ ልብስ ታጥባለች፤ ቀና ብላ አየችኝ፣ ደህና ነህ ወይ አለችኝ፣ ደህና ነኝ አልኳት። እሷ ባልዲዋን እስክትሞላ ቆየሁ። አንድ ስልክ ተደውሎ እስኪያልቅ የሚበቃ ጊዜ ይህ ነው ብዬ ገመትኩና ተመለስኩ።

“አነሳ” አልኩት። “ይቅር ብዬዋለሁ አለ። አይዞህ በለው ትንሹን አለ።”

ትንሹ የሚለውን ባልጨምር ኖሮ ምናልባት አያምነኝም ነበር። ቃሉ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ ግን መጣልኝ። በረከት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና አለቀሰ፤ ሲያለቅስ ይስላል፣ ሲስል ያለቅሳል። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው፤ ከአምስት ቀን በኋላ የመጀመሪያው እንቅልፍ። ሲነጋ ሾርባ ለመነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ዳነ። እኔም እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁ። መድኃኒት ያገኘሁ መሰለኝ።

ውሸት ግን ብቻዋን አታድርም። በሳምንቱ ጋሼን ላናግረው አለ። እሱም ታሞ ነበር፣ ድምፁ አይወጣም አልኩት። ቆይቶ ጠየቀኝ፤ ስልኩ ተሰርቋል አልኩት። ሰላምታ ላክልኝ ይላል፣ እልካለሁ፤ መልስ ይጠብቃል፣ አመጣለታለሁ። አንዳንዴ ጴጥሮስን በሕይወቱ ከማውቀው ይልቅ ሞቶ አብልጬ አወቅሁት። እንዲያውም ደግ አደረግሁት፤ ሲሻልህ ና፣ አብረን እንበላለን አስባልኩት። በዚህ መሃል የእኛ ሰው ሁሉ ያውቃል። ለዕቃ የሚመጣው፣ በመንገድ የሚያልፈው፣ ሁሉም በረከትን እንኳን ማረህ ይለዋል፣ ይስቅለታል። ጋሽ ዮሐንስን በየሳምንቱ እለምናቸዋለሁ፤ ትንሽ ይጠንክር ይላሉ፣ ሲፈቀድ በወጉ ይላሉ። ሠላሳ ስምንት ቀን እንዲያ ሄድን። እኔ ብቻዬን ልነግረው እችል ነበር፤ አፍ ነበረኝ። የፈራሁት ወጉን ማፍረስ ነው እል ነበር። የፈራሁት ግን ያን ይቅርታ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከጅምላ መሸጫው ከሆልሴል ዕቃ ጭኜ ስመለስ ሱቁ ተዘግቶ አገኘሁት። ጎጎ ነገረችኝ፤ ልጁ ታጥቦ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዞ ታክሲ ተሳፍሯል። የት እንደሄደ ሲነግራት ይስቅ ነበር አለች። ወንድሙን በድንገት ሊያስደስተው ነው። እዚያው ዕቃው ላይ ተቀመጥኩ።

ዳቬይተን የጴጥሮስን ሱቅ ሌላ ሰው ይዞት ነበር፣ የእኛው አገር ልጅ። በረከት ጋሼስ ሲለው፣ ሰውየው መርዶውን የሰማ መስሎት ነፍስ ይማር ብሎታል። ወንድም መሆኑን ሲያውቅም ሊያጽናናው አስቦ የታመመበትን፣ የሞተበትን፣ የተቀበረበትን ቀን አንድ በአንድ ተረከለት። በዚያ ሁሉ ወግ የጠበቅነውን መርዶ በረከት ከማያውቀው ሰው አፍ፣ በፍርግርግ ሰማው፤ ከኋላው ደግሞ ዳቦ የሚገዙ ሰዎች እንዲፈጥን እየጠየቁት።

ጀንበር ስትጠልቅ መጣ። ፌስታሉን እንደያዘ ነው። ብርቱካኖቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ከምንሸጣቸው ጋር ቀላቀላቸው። ከዚያ ዞረ።

“ጋሼ የተቀበረ ቀን ነው ይቅር ብሎሃል ያልከኝ?”

“አዎ።”

“ከቀብሩ በፊት ነው በኋላ?”

“በኋላ” አልኩት።

“እንግዲያው ይቅር ያለኝ ማነው?”

“እኔ ነኝ” አልኩ።

“አንተ ማን ነህና?” አለኝ። አልጮኸም። በእውነት ማወቅ የፈለገ ይመስል ነበር።

ቀጥሎ፣ ከእንግዲህ እንዳልዋሸው ለመነኝና፣ መታመሙን ጋሼ ሰምቶ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሰምቷል አልኩት። “ምን አለ?” አለኝ።

እዚህ ላይ መዋሸት ይገባኝ ነበር። በሽተኛ ሆኖ ሠላሳ ስምንት ቀን ስዋሸው ከርሜ፣ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ቃል። አልሰማሁም ማለት እንኳ ይበቃ ነበር። እኔ ግን ያን ሰዓት የማስበው ስለ እሱ አልነበረም። ውሸታም መባሉ አቃጥሎኛል፣ ንጹሕ መሆን አምሮኛል። “ስሙን አታንሱብኝ ነው ያለው” አልኩት።

ልብሱን በሁለት ፌስታል ከተተና ጎጎ ቤት አደረ። ጠዋት ተሰናብቷት፣ እኔን ሳያይ፣ ኬፕ ታውን ወደሚሄደው አውቶቡስ ሄደ። ጋሽ ዮሐንስ ሲሰሙ፣ ሕይወቱን ያተረፍከው አንተ ነህ፣ አንድ ቀን ይገባዋል ብለው አጽናኑኝ። ይኸው፣ አልገባውም። የሚገባም አይመስለኝም። በሽታው ብዙ ሰው ገድሎብናል፤ ያን የእግዜር ነው ብለን ተውነው። በረከት ላይ የደረሰው ግን የእኔ እጅ ነው፣ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በውሸት፣ አንዴ በእውነት።

ማክሰኞ ዕለት ይህን ሁሉ ሳስብ ዋልኩ። ከቀትር በኋላ አስቴር መጣች፣ እንደ ወትሮዋ በፍርግርጉ እየሳቀች። እጇ ላይ ውኃ ሰማያዊ የሱፍ ሻርፕ ይዛለች። አርብ አገር ቤት የሚሄድ ሰው አግኝታ ለእናቷ ልትልክ ነው። ቀለሙ ለሽማግሌ ሴት አይበዛም ወይ ብላ በቀዳዳው አሳየችኝ። ያምራል ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ነገ ሽማግሌዎቹ ይጨርሱታል።

በሩን ከፍቼ አስገባኋት፣ ሱቁን ዘጋሁ፣ የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ አስቀመጥኳትና እናትሽ አርፈዋል አልኳት።

ሽማግሌዎቹ ተቀይመውኛል። ሴትዮዋን ያለ ሰው፣ በሳጥን ላይ፣ በዳቦና በሳሙና መሃል ገደልካት አሉኝ፤ ነገሩ ሐሰት አይደለም። ስትወድቅ የያዝኳት እኔ ብቻ ነበርኩ፣ በአንድ በኩል ብቻ። አስቴርም ከዚያ ወዲህ በሱቄ በኩል አታልፍም። ሻርፑን ጥላው ሄዳለች፤ አጥፌ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ደግ ሠራሁ አልልም። ድሮም ደግ ሥራ ብዬ ነበር የጀመርኩት።

የምጽናናበት አንድ ነገር ቢኖር ትንሽ ቀና ስትል የጠየቀችኝ ነው። መቼ ነው የሰማኸው አለችኝ። ዛሬ ጠዋት ስላት ዓይኔን አየችኝና አመነችኝ። ከዚያ፣ እንደፈራሁት፣ ሌላውን ጠየቀች።

“ስለ እኔ ያለችው ነገር አለ?”

አፌ ላይ ብዙ ነገር መጣ። እናት ስትሞት የምትለውን ሁሉም ሰው ያውቃል። የእሷ እናት በምን ስም እንደሚያቆላምጧትም አውቃለሁ፤ ደጋግማ ነግራኛለች።

“እሱን አላውቅም፣ አስቴር” አልኳት።